በወሲያ ላይ ያልሰፈረው ውርስ

አንድ ሙስሊም ይህችን ዓለም ሲሰናበት በተወው ንብረት ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። በቅድሚያ የቀብሩ ወጪ ይሸፈናል፤ ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል፤ ወሲያ ካለው ከሲሶ ሳያልፍ ይፈጸማል፤ የተረፈው ለወራሾች በየድርሻቸው ይከፋፈላል። ለአንድ ጥማድ በሬና ለሁለት ክፍል ቤት ሲባል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ዓመት ሙሉ የሚመላለሱ ወንድማማቾችን ሁላችንም እናውቃለን። ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገር፣ ማንም ቃዲ የማያከፋፍለው ሌላ ውርስ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ አንደበት ይዘጋል። የምናወራው በዘር ስለሚተላለፈው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው።

የአንጀት ካንሰር ሁሉ ከዘር አይመጣም፤ አብዛኛው አይመጣም። ከመቶ ከአምስት እስከ አስር የሚሆነው ግን ከወላጅ በተወረሰ ጉድለት የሚነሣ ነው። ከእነዚህ በይበልጥ የሚታወቀው የሊንች ሕመም ይባላል። ሰውነታችን አዲስ ሴል በሠራ ቁጥር የዘሩን ጽሑፍ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ የሚሳሳተውን ደግሞ እየተከታተሉ የሚያርሙ ዘረ-መሎች አሉት። (ሐኪሞች «ጂን» ይሉታል፤ ከአጋንንቱ ጋር እንዳይምታታብን አማርኛውን መርጠናል።) ከአራሚዎቹ አንዱ ተበላሽቶ የተወለደ ሰው ስሕተቱ ይከማችበታል። ሌላው ሰው በስልሳና በሰባ ዓመቱ የሚያየው ካንሰር እርሱን በአርባዎቹ ያገኘዋል። ሴቶችን በማሕፀን በኩልም ይመጣባቸዋል። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ከሚወልዳቸው ልጆች እያንዳንዱ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ በዚህ ውርስ ወንድና ሴት እኩል ናቸው። የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አደጋው ግን ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ሚሺጋን አልድሬድ ዋርቲን ለተባለ ሐኪም አንዲት ልብስ ሰፊ «ዘመዶቼ በካንሰር እንዳለቁ እኔም በእርሱ እሞታለሁ» የሚል ሐሳብ አጫወተችው። እንዳለችውም በወጣትነቷ በማሕፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን የቤተሰቧን ታሪክ በ1913 አሳተመ። በ1966 ደግሞ ሄንሪ ሊንች የተባለው ሐኪም ተመሳሳይ ቤተሰቦችን መዝግቦ አወጣ፤ ሕመሙም በስሙ ተጠራ። ኤምኤስኤች2 የተባለው ዘረ-መል በ1993 ከተገኘ በኋላ የልብስ ሰፊዋ ቤተሰብ ጉድለት እዚያው ላይ መሆኑ ታወቀ። ያቺ ሴት ላቦራቶሪ አልነበራትም፤ መድኃኒትም አልነበራትም። ነገር ግን ሙታኖቿን ቆጥራ የሚሰማ ሰው ፊት ተናገረች። እኛስ?

እኛ መፍትሔ ባለበት ዘመን ዝም የምንል ሰዎች ነን። ጉድለቱ በደም ምርመራ ይታወቃል። የተገኘበት ሰው ከ20 ወይም ከ25 ዓመቱ ጀምሮ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ትልቁን አንጀቱን በኮሎኖስኮፒ እንዲያይ ይመከራል፤ እባጩ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ተቆርጦ ይወጣል። በፊንላንድ በሕመሙ ቤተሰቦች ላይ ለ15 ዓመት በተደረገና በ2000 በታተመ ክትትል በየሦስት ዓመቱ ከታዩት 133 ሰዎች 8ቱ፣ ካልታዩት 119 ሰዎች ደግሞ 19ኙ በአንጀት ካንሰር ተይዘዋል። ካልታዩት 9 ሰዎች በዚሁ ካንሰር ሲሞቱ፣ ከታዩት የሞተ አልነበረም። ይህን ቁጥር አንብቦ ለወንድሙ ያልነገረ ሰው ምን ምክንያት ሊያቀርብ ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ይታወቃል፤ «ቀደር ነው፤ የተጻፈው አይቀርም» ይባላል። እርግጥ ነው አይቀርም። ግን ይህን የሚለው ሰው በርበሬው ውስጥ ባዕድ ነገር ሲያገኝ ነጋዴውን «ቀደር ነው» ብሎ አያልፈውም። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ በተባለች ቦታ ሰሙና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነውን ብለው ሞገቷቸው። የዑመር መልስ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሄዳለን የሚል ነበር። ምርመራውም ቀደር ነው፤ ሐኪሙም ቀደር ነው፤ ተወኩልም ግመልን ካሰሩ በኋላ ነው። እህቱን ሳያስጠነቅቅ ተወኩል የሚል ሰው ግመሉን ያላሰረው ብቻ ሳይሆን ገመዱን የደበቀ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው የበለጠ እውነተኛ ነው፤ በአደባባይ ግን አይነገርም። «ሴት ልጆቼን ማን ያገባቸዋል?» የሚለው ነው። ይህን የሚፈራ አባት ከመሬት ተነሥቶ አልፈራም። «የእነ እገሌ ቤት ደማቸው ክፉ ነው» እያልን ልጅ የምንመልስ እኛ ነን ያስፈራነው። ከኒካህ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ለምዶልን ሰማይ አልተደፋም። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ስለሚጠይቋት ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስታማክር የአንዱን ድህነት፣ የሌላውንም በትሩን ከትከሻው አለማውረዱን ነግረዋታል። እርጥቡን እህል ከደረቁ ሥር የሸሸገውን ነጋዴ ደግሞ ገሥጸውታል። ኡለማዎች ዝርዝሩን ይወስኑት፤ ለጋብቻ ግን ሸሽጎ ከማለፍ ተናግሮ መቅረት ይሻላል። የወረሰች ልጅ ክትትሏን ካላቋረጠች ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ታሳድጋለች። ያልተነገራት ናት ልጆቿን ሳታሳድግ የምትቀረው።

የአጎትና የአክስት ልጅ ማግባት ሸሪዓችን ይፈቅዳል፤ በአፋር ወገኖቻችን ዘንድም አብሱማ የታወቀ ባህል ነው። ይህን ማንም አይነቅፍም። ይሁንና ሙትዋይኤች በሚባለው ዘረ-መል የሚመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታወቀ ሌላ የአንጀት እባጭ ሕመም አለ፤ ልጁን የሚያገኘው ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው፤ ሁለቱ ተሸካሚ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ዕድል ነው። በአንድ አያት የሚገናኙ ባልና ሚስት ሁለቱም ተሸካሚ የመሆናቸው ነገር ከባዕዳን ይልቅ የቀረበ ነው። እንግዲህ ዝምታው ይበልጥ የሚጎዳው ዘመድ ከዘመድ የሚጋባበትን ቤት ነው።

አሁን ብዙዎች ወደማያውቁት ነጥብ እንምጣ። ምርመራው የሚጀመረው ከጤነኛው አይደለም፤ ካንሰር ከያዘው ሰው ነው። በእርሱ ደም ውስጥ ጉድለቱ ተለይቶ ከታወቀ ልጆቹና ወንድሞቹ ያንኑ ብቻ ተመርምረው ወረሱ ወይም አልወረሱም ይባላሉ። በእርሱ ላይ ካልታወቀ ጤነኛው ተመርምሮ «ምንም የለም» ቢባልም ሙሉ በሙሉ አያምንም። ቁልፉ ያለው በታማሚው እጅ ነው። ዕዳውን ያጻፈ፣ አማናውን የመለሰ፣ ቤተሰቡን አፉ በለኝ ያለ አባት ቁልፉን ይዞ ወደ ቀብር ይሄዳል፤ ማንም አልጠየቀውምና። ወሲያ የሚያደርግበት ያለው ሙስሊም ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ከንብረት ይልቅ ልጆቹን የሚያድን ነገርማ እንዴት አይጻፍ?

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የባሰ ኃላፊነት አለባቸው። ዋሺንግተን ያለው ወንድም ተመርምሮ ውጤቱን ያውቃል፤ ደሴና ጅማ ያሉት እህቶቹ አያውቁም። ለሰርጉም ለሰደቃውም ሐዋላ ይልካል፤ የውጤቱን አንድ ገጽ ግን አይልክም። የሚፈራው ኢንሹራንሱን ከሆነ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በዘረ-መል ውጤት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም፤ ይህን ማወቅ ደግ ነው። ከእህት ጋር ግን ምን ያገናኘዋል?

«ምስጢር ነው» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኩዌት ላይ ኡለማዎችና ሐኪሞች በዘረ-መል ጉዳይ ሲመክሩ ማንም ያለ ፈቃዱ እንዳይመረመርና ውጤቱም እንዲጠበቅ አሳስበዋል። ትክክል ነው። ያ ግን ከባዕድ ዓይን ለመጠበቅ ነው፤ በአንድ ማሕፀን ያደሩትን እርስ በርስ ለመደበቅ አይደለም። ሲለተ ረሒም በዒድ ሥጋ መላላክ ብቻ አይደለም።

ምርመራው በየሆስፒታላችን የሚገኝ፣ ሁሉም የሚችለው ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። መጠየቅ ግን ገንዘብ አይፈልግም። አባቶቻችንን እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ነን፤ ከስማቸው አጠገብ በምንና በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ እንጻፍ። «ሆዷን አሟት» የሚለው አይበቃም። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 አምስተርዳም ላይ በተስማሙበት መለኪያ በአንድ ቤተሰብ ሦስት የቅርብ ዘመዶች በአንጀት ካንሰር ከተያዙ፣ ከሦስቱም አንዱ ለሌሎቹ ሁለት ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ከሆነ፣ ሁለት ተከታታይ ትውልድ ከነካ፣ ቢያንስ አንዱም 50 ዓመት ሳይሞላው ከታመመ ያ ቤት ይጠረጠራል። በኋላ የማሕፀኑም ተጨምሮበታል። ወረቀቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ የቀረበ ሰው የምርመራው ገንዘብ ባይኖረው እንኳ ኮሎኖስኮፒው በጊዜ እንዲታዘዝለት መጠየቅ ይችላል። በሕይወት ያለ ታማሚ ካለ ደግሞ አእምሮው ሳይደክም፣ ለብቻው፣ በልስላሴ፣ ደሙ እንዲመረመር ፈቃዱን ጠይቁት፤ እሺ ካለም የልጆቹንና የወንድሞቹን ስም አብራችሁ ጻፉ።