አርጅቷል አትበሉኝ

ዛሬ ጠብ ይዤ መጥቻለሁ። ጠቤ ከማንም በፊት ከራሴ ጋር ነው፤ ቀጥሎ ግን ከእናንተም ጋር ነው፤ በተለይም ስለ ውሻ ታማኝነት ግጥም ከጻፋችሁትና ሲነበብ ሰምታችሁ ካጨበጨባችሁት ጋር። ነገሩን ለማስረዳት የራሴን ግጥም ማስቀደም ይኖርብኛል። በ2014 ዓ.ም.፣ በጥቅምት ጨረቃ የጻፍኳት ናት።

አርጅቷል ውሻዬ፣ መጮኹን ትቶታል፣
የዓለም ከንቱነት፣ ዘግይቶ ገብቶታል፤
ሌሊት ሌሊት ወጥቶ፣ ሳፋ ላይ አጎንብሶ፣
ጨረቃን ጠጥቶ፣ ይተኛል መልሶ።

ይህችን ግጥም በኅዳር ወር በአንድ የግጥም ምሽት ላይ አነበብኳት። ተጨበጨበላት። አንድ ወዳጄማ «ጨረቃን መጠጣት!» እያለ፣ ራሱን እየነቀነቀ እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። የግቢውን በር ስከፍት ውሻችን መቻል ከተኛበት አልተነሣም። ጅራቱን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታና ዝም አለ። «ጠቢቡ!» አልኩት በልቤ፤ አልፌውም ገባሁ።

ከአራት ወር በኋላ፣ በመጋቢት፣ መብላት ሲያቆም ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሟ ከንፈሩን ገልጣ ጥርሱን አየች፤ ድዱን በጣቷ ተጫነች፤ ጀርባውን ዳበሰች። ከዚያም ቀና ብላ፣ «ውሃ በቀን ምን ያህል ይጠጣል?» ስትል ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ስለ ጨረቃው ልንገራት? አንገቴን ደፋሁ። የደም ምርመራው ኩላሊቱ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲደክም እንደ ኖረ አረጋገጠ። መቻል እስከ ግንቦት ኖረ።

አሁን ግጥሜን መልሳችሁ አንብቧት። ግጥም አይደለችም፤ የበሽታ ምልክቶች መዝገብ ናት። ዝምታው ድካም ነበር። ሌሊት መውጣቱ ሽንቱን መቋጠር ስላቃተው ነበር። ጨረቃው ደግሞ ጥማት ነበር። ጤነኛ ኩላሊት ሽንትን አወፍሮ ውሃውን ለሰውነት ይመልሳል፤ ሲደክም ግን ውሃውን መያዝ ያቅተዋል። ሽንቱ ይቀጥናል፤ ውሻውም የፈሰሰውን ለመተካት ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ ደግሞ ይጠጣል። ይህ ጥማት ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ከኩላሊቱ ዐቅም ሁለት ሦስተኛው ገደማ አልቋል። እኔ ምሳሌያዊ አነጋገር ሳማርጥ እርሱ የቀረችውን አንድ ሦስተኛ እየጨረሰ ነበር።

አላየንም እንዳልል እናቴ አይታለች። በዚያው በጥቅምት፣ «ልጄ፣ ይኼ ውሻ ውሃ አልቆርጥለት አለ፤ ሳፋውን በቀን ሦስቴ ነው የምሞላው» አለችኝ። «እርጅና ነው፣ እማዬ» አልኳት። «እርጅና ብቻህን ና!» አለች። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ፤ ቀልድ መስሎኝ። የፊደል ሰው ነኝ ባዩ እኔ፣ እናቴ በሦስት ቃል የነገረችኝን መስማት ተሳነኝ።

ክርክሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። «እርጅና ብቻህን ና» ያሉት አባቶቻችንና እናቶቻችን እርጅናና በሽታ ሁለት እንግዶች መሆናቸውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አንደኛው አይቀሬ ስለ ሆነ እየተቀበሉት፣ ሁለተኛውን አስከትሎ እንዳይመጣ ይለምኑ ነበር። እኛ ግን ሁለቱን እንግዶች በአንድ ስም እየጠራን እናስገባለን። «አርጅቷል» እንላለን፤ ጉዳዩም ይዘጋል። «አርጅቷል» የሚለው ቃል ስለ ውሻው የሚናገር ይመስላል እንጂ የሚናገረው ስለ እኛ ነው፤ ማየት ማቆማችንን ነው የሚናገረው።

እርጅናውን እንየው ካላችሁ መልኩ የታወቀ ነው። ግዙፍ ውሾች ከስድስትና ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ፣ ትንንሾቹ ወደ ዐሥር ሲጠጉ ያረጃሉ። አፍንጫቸው ዙሪያ ይሸብታል። እንቅልፋቸው ይረዝማል፤ ጆሯቸው ይከብዳል። የዓይናቸው ብሌን ሰማያዊ ጉም የለበሰ ይመስላል፤ ቢሆንም ያያሉ። ነጭ ሆኖ ዕይታን የሚጋርደው የዓይን ሞራ ግን ሌላ ነገር ነው። እየበላ የሚከሳ ውሻ አርጅቶ አይደለም። አፉ የሚከረፋ፣ አጥንት አንሥቶ መልሶ የሚጥል ውሻ ጠግቦ አይደለም፤ ጥርሱ ታምሞ ነው። ጠዋት ሲነሣ ግትር ብሎ፣ ጥቂት ከተራመደ በኋላ የሚፍታታ ውሻ ሰንፎ አይደለም፤ መገጣጠሚያው ተቆጥቶ ነው፤ ሕመሙም ማስታገሻ አለው። ሌሊት የሚያስለው፣ ትንሽ ሮጦ የሚቆመው ልቡ ሊመረመር ይገባዋል። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ በደቂቃ ከ30 አዘውትሮ የሚበልጥ ከሆነ ወደ ሐኪም ሂዱ። ድዱ ከገረጣ ደም አንሶታል፤ መዥገር የሚያመጣው በሽታም ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚቆም፣ በሚያውቀው ግቢ የሚጠፋ፣ ሌሊቱን ሲዞር የሚያድር ውሻ እየፈላሰፈ አይደለም፤ አእምሮው ታውኮ ነው። ብዙ ውሃ መጠጣትም የኩላሊት ብቻ አይደለም፤ የስኳር በሽታም፣ በሴት ውሻ ማሕፀን ውስጥ የቋጠረ መግልም ሊሆን ይችላል፤ ይህ የመጨረሻው ቀን የማይሰጥ ነው። መለያውን ባጭሩ ልበለው፦ እርጅና በዓመታት ይመጣል፤ በሳምንታት የመጣ ለውጥ ስሙ ሌላ ነው።

ችግሩ ውሻ ሕመሙን መሸሸጉ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ስንል የምንወቅሰው ሰውን ነው፤ አፍ አለውና። ውሻ ግን እያነከሰም ጅራቱን ይቆላል። አባቴ «መቻል» ያለው ለጎረቤት መልእክት ይሆን ዘንድ እንጂ ለውሻው አልነበረም፤ ውሻው ግን ስሙን በሚገባ ፈጸመው። የቻለውን ሁሉ ቻለ። እኛም መቻሉን ጤና አልነው።

እኔ የምውለው በባንክ መስኮት ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍት የፈረመበት የፊርማ ናሙና አለን። ዓመታት አልፈው የአንድ አባት እጅ ሲንቀጠቀጥ ፊርማቸው ከናሙናው አልገጥም ይላል። «አርጅተዋል» ብዬ አልከፍልም፤ አመሳክራለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ እንደገና ያስፈርሙኛል ብዬ ኃላፊዬን እጠራለሁ። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ የአንድ ብር ጉድለት ቢገኝ ምንጩ እስኪታወቅ ወደ ቤታችን አንሄድም። በቤቴ ግን ለዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀኝ ፍጡር በየቀኑ እየጎደለ ሳለ፣ ጉድለቱን በአንድ ቃል ዘግቼ ተኛሁ። ናሙና አልነበረኝማ! በጤናው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ስንት እንደሚጠጣ፣ ተኝቶ ስንቴ እንደሚተነፍስ አላውቅም ነበር። ጤንነቱን የማያውቅ ሰው ሕመሙን ከምን ጋር ያመሳክራል?

ልኩ ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። ለጤነኛ ውሻ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ገደማ ይበቃዋል፤ ከ100 ካለፈ ምክንያት አለው። መቻል 25 ኪሎ ያህል ነበር። አንድ ሊትር ተኩል ይበቃው ነበር ማለት ነው። ጠዋት በሃይላንድ ለክቶ መሙላት፣ ማታ የቀረውን ማየት… ይኸው ነው። ከአንዲት ስንኝ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

በእኛ ሰፈር ስለ ውሻ ሲነሣ የጃፓኑ ሃቺኮ ሳይጠራ አይቀርም። ጌታው እ.ኤ.አ. በ1925 ከሞተ በኋላ ለዓመታት በሺቡያ ባቡር ጣቢያ ሲጠብቀው ኖረ። በ1934፣ በሕይወት ሳለ፣ ሐውልት ቆመለት፤ ማርች 8 ቀን 1935 ሞተ። ሳንባውና ልቡ ካንሰር እንደ ነበረባቸው የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያስታወቁት ግን በ2011 ነው። ታማኝነቱን የማያውቅ የለም፤ ሕመሙን የሚያውቅ ስንት ነው? ከዚህ ይልቅ ጥንታዊው ሆሜር ይሻለናል። በኦዲሴይ ውስጥ ጌታውን ሃያ ዓመት የጠበቀው አርጎስ ፍግ ክምር ላይ ተጥሎ፣ ተባይ ወሮት እናገኘዋለን። መነሣት አቅቶት ጆሮውን ጥሎ ጅራቱን ብቻ ያወዛውዛል፤ ተንከባካቢ ማጣቱም ሳይሸፋፈን ይነገራል። ታላቁ ባለቅኔ ተባዩን ጻፈ፤ እኔ ጨረቃን ጻፍኩ። ስለዚህ ጠቤ ከግጥም ጋር አይደለም፤ ሳያይ ከሚያሳምር ግጥም ጋር ነው።

«ሰው በሚታመምበት አገር ስለ ውሻ ኩላሊት ታወራለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልስ አለኝ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል። ድምፁ ድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የሚያውቃቸውን ሰዎች የሚነክስ ወይም ጨለማ ፈልጎ የሚደበቅ ውሻ ሲታይ «አርጅቶ ነው» ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ ሕይወት ያስከፍላል። እንዲህ ያለውን አትንኩ፤ ለሚመለከታቸው አስታውቁ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻውን በየቀኑ የሚያይ ሰው ልጁንም እየጠበቀ ነው።

«የግቢ ጠባቂ ነው እንጂ እንደ ፈረንጅ ውሻ ሶፋ ላይ የሚተኛ አይደለም» የሚለኝም አለ። በጄ፤ እንግዲያው እንደ ጠባቂ እንየው። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያስተኛን ሎሌ ሲታመም «ሰነፈ» ብሎ ማለፍ በየትኛው ባህላችን ያስመሰግናል? ወጪው ይከብዳል የሚለው ግን እውነት አለው፤ የደም ምርመራ ከደመወዜ ጋር ሲተያይ ቀላል አልነበረም። ማየት ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ አለማየት ነው የሚያስከፍለው። እኔን ያስከፈለኝን ልናገር። በታኅሣሥ መቻል ሲያነክስ፣ ቤት ያገኘሁትን ዳይክሎፌናክ በእንጀራ ጠቅልዬ ሰጠሁት። አንድ ቀን ብቻም አልነበረም። ይህ የሰው ማስታገሻ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ሁሉ፣ የውሻን ጨጓራ የሚያቆስል፣ ኩላሊቱንም የሚጎዳ ነው። ሐኪሟ ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ አዝናልኝ መሆን አለበት።

ቶሎ ባውቅ ኖሮ ይድን ነበር አልልም። እንዲህ ያለ የኩላሊት ድካም አይድንም። ግን ይዘገያል፤ ምግቡ ይስተካከላል፤ ማቅለሽለሹ ይታገሣል፤ ቢያንስ ያ ክኒን አይሰጠውም። በጥቅምትና በመጋቢት መካከል የነበሩትን አምስት ወራት የወሰደበት እርጅና አልነበረም። እኔ ነኝ።

ግጥሟን አልቀደድኳትም። በደብተሬ ውስጥ አለች። ከመጨረሻው ስንኝ ሥር ግን በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ጽፌባታለሁ፦ «በቀን ስንት ሊትር?» ግጥም በምታነቡበት ምሽት ስለ ውሻችሁ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ብትመጡ፣ ከማጨብጨቤ በፊት ይህንኑ እጠይቃችኋለሁ። አርጅቷል አትበሉኝ።