ወልዳ ብትመለስስ?

ነገ በማሻና በአካባቢዋ የምናስተምር እጩ መምህራን፣ እስቲ አንድ ነገር እንነጋገር! ተማሪ ስትወልድ ብዙ ጊዜ ደብተሯ ይታጠፋል፤ ያስረገዛት ተማሪ ግን ወንበሩን አይለቅም። ይኼ ፍርድ ነው ወይ?

በ1982 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 11፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ ያረገዘች ልጅ ትምህርቷን የምትቀጥልበትን ዕድል መንግሥታት እንዲሰጡ ያዛል። አገራችንም ተቀብላዋለች።

ሕግ ብቻውን ግን ሕፃን አይዝም። አያት ሕፃኑን በእረፍት ሰዓት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ታምጣላት፤ እኛም አጥብታ ስትመለስ ትንሽ ብትዘገይ በር አንዝጋባት። ያለፋትን ትምህርት እናስጠናት። የሚስቁባትን ዝም እናሰኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን እኛው አንሳቅባት። ብትወልድም ተማሪያችን ናት!