ጋዋን የለበሰ የስድስት ዓመት ልጅ

ሰኔ ሲጋመስ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገር ይገባል፤ ክረምቱና የሕፃናት ምርቃት። ከዚያ ወዲያ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች በአንድ የሆቴል አዳራሽ ደጃፍ ያለፈ ሰው፣ ጥቁር ጋዋን እየጎተቱ በጭቃ ላይ የሚራመዱ የስድስት ዓመት «ምሩቃን» ያያል። ቆቡ ዓይናቸው ላይ ይወድቃል። እናት ታስተካክላለች፣ ፎቶ አንሺው «ወደዚህ እዩ!» ይላል፣ አባት በሩ ላይ የመግቢያ ትኬት ይቆርጣል። የገዛ ልጁን ለማየት!

ከምን ተመረቁ? ከኬጂ።

እስቲ ወጪው አንድ በአንድ ይቆጠር። የጋዋን ኪራይ አለ። የፎቶና የቪዲዮ አለ። ለመድረኩ ውዝዋዜ የሚለበስ የባህል ልብስ አለ፤ ክፍሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ይልበስ ስለተባለ ለጥምቀት የተገዛው ቀሚስ አያገለግልም። የአዳራሽና የኬክ መዋጮ አለ። የመምህራን ስጦታ አለ፤ እሱ ደግሞ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስም ዝርዝር ተለጥፎ የከፈለው ሰው ስም ጎን ምልክት የሚደረግበት ነው። ያልከፈለው ስም ሁሉ እያየው ባዶውን ይውላል፣ ባዶውን ያድራል። ይህን ሁሉ አሟልቶ ካርድ የተቀበለ ወላጅ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የመጪው ዓመት መመዝገቢያ ይጠየቃል። ከዚያ ደብተር። ከዚያ ዩኒፎርም። ከዚያ የእንቁጣጣሽ ዶሮ።

«ግዴታ እኮ አይደለም» ይላሉ ትምህርት ቤቶቹ። በወረቀት ላይ እውነታቸውን ነው። ግን ሠላሳ ልጆች ውዝዋዜ ሲለማመዱ ሠላሳ አንደኛው ግድግዳ ተደግፎ ሲያይ፣ ግዴታ አለመሆኑን ለእሱ የሚያስረዳው ማን ነው? ልጅ የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔን አልመረጡኝም»። ወላጅ ይህን ስለሚያውቅ ይበደራል። የዕቁብ ዳኛ ዘንድ ሄዶ ተራው እንዲቀደምለት ይለምናል። ትምህርት ቤቱም ወላጅ ይህን እንደሚያውቅ ያውቃል። ንግዱ የቆመው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው።

የትምህርት ክፍያ ሲጨምር ቢያንስ ወላጅ ይሰበሰባል፣ ይጯጯኻል፣ ጉዳዩ የከተማዋ የትምህርት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ዘንድ ይደርሳል። የሰኔው ገንዘብ ግን «ክፍያ» አይባልም። ስሙ መዋጮ ነው፣ ሲያሻው «የልጆች ቀን» ነው። ስለዚህ እንደ ክፍያ ጭማሪው ብዙ አያጯጩህም።

ሌላም የሚከፈል ነገር አለ፤ እሱ ብር ሳይሆን ጊዜ ነው። የማጠቃለያ ፈተናው አልቆ ካርድ እስኪሰጥ ባሉት ሳምንታት ደብተር አይገለጥም። ልጆቹ ጠዋት ይመጣሉ፣ ስፒከር ይከፈታል፣ አንዲት ወጣት መምህርት ድምጿ እስኪዘጋ «አንድ፣ ሁለት፣ ዙር!» ትላለች። ይህችው መምህርት በምርቃቱ ዕለት መድረክ ላይ ወጥታ በፌስታል የተጠቀለለ ስጦታ ትቀበላለች፣ ይጨበጨብላታል። በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ግን ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የላትም። አዳራሹን ለአንድ ቀን የሚከራይ ተቋም መምህሩን ለሁለት ወር መያዝ አልቻለም ማለት ነው።

የድሮው የወላጆች በዓል ቅዱስ ነበር የሚል የለም። የዚያን ዘመን ተማሪ በኩርኩም ነው ያደገው። «ሰኔ 30 እንገናኝ» ተባብሎ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ቂም ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ የሚወራረድበት ቀንም ነበር። ነገር ግን በዓሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ወንበሩ ከእድር ይመጣል፣ ተማሪው የራሱን ድራማ ይሠራል፣ ጥያቄና መልስ ይካሄዳል፣ ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተር ወይም መዝገበ ቃላት ነው። የተባረረው ውሻም የጎረቤት ልጅም አጥር ዘሎ ያይ ነበር፤ ትኬት የሚጠይቀው አልነበረም።

ዛሬ መድረኩ ላይ የሌለው ዋናው ነገር የልጁ ዕውቀት ነው። ካርዱ ላይ 97፣ 98፣ 99 ተደርድሯል። በአንዳንዱ ክፍል አንደኝነት ለአራትና ለአምስት ይካፈላል፤ አንደኛ ያልወጣው ደግሞ «በሥነ ምግባር» ይሸለማል። ወላጅ የከፈለበትን ቁጥር ስላገኘ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ቁጥሩ በኋላ የሚመዘንበት ቦታ አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። አብዛኞቹ ወዳቂዎች ጋዋን በዓይናቸው ያላዩ፣ ካርዳቸውን በዛፍ ጥላ ሥር የተቀበሉ የገጠር ልጆች መሆናቸው ግልጽ ነው፤ የእነሱን ውድቀት ለሆቴል አዳራሽ ማሸከም አይቻልም። ሆኖም ሁለቱንም ልጆች አንድ ቃል ያገናኛቸዋል፤ በየሰኔው ካርዳቸው ላይ የተጻፈው «ተዛውሯል»። ከተሜው በጭብጨባ ተዛወረ፣ የገጠሩ በዝምታ ተዛወረ፤ ማንበቡን ግን ማንም ቆሞ አልሰማም።

ችግሩም 12ኛ ክፍል ላይ አልተወለደም። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክ ስሌትም በኢትዮጵያ ከአሥር ልጆች ዘጠኙ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። ይህ ዕድሜ 4ኛና 5ኛ ክፍል ነው። የውዝዋዜው ዕድሜ።

«በኑሮ ውድነት የተማረረ ወላጅ አንድ ቀን ቢደሰት ምን አለበት? ለምን ታንቋሽሻላችሁ?» የሚል ክርክር ይመጣል። ክርክሩ ክብደት አለው። ራሷ ከ7ኛ ክፍል ያቋረጠች እናት ልጇን በጋዋን ስታይ የምታፈሰው እንባ የውሸት አይደለም፤ በዚያ እንባ ላይ የሚስቅ ሰው ልብ የለውም። ጥያቄው ያን እንባ ማን ዋጋ ተመነበት የሚለው ነው። ደግሞስ ያቺ እናት ልጇ መድረኩ ላይ ቆሞ ቀድሞ ያላጠናውን አንድ ገጽ ቀጥ አድርጎ ሲያነብላት ብትሰማ ያነሰ ታለቅሳለች?

ይህ ዝግጅት ምንም አያስወጣም። ክፍሉ ራሱ ይበቃል፤ ወላጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ልጅ ተራ በተራ ይነሳ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያንብብ፣ አንድ የሂሳብ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይሥራ። የሚደናቀፍ ይኖራል፤ ከእሱ ጋር መምህሩና ወላጁ ክረምቱን በምን እንደሚያሳልፍ ይነጋገሩ። ማታ ኬክ ይቆረስ፣ ይጨፈር፣ ልጅ የሚለብሰው ያለውን ልብስ ይሁን። ብዙ ትምህርት ቤት ይህን አይደፍርም። በውዝዋዜ የተሳሳተ ልጅ ያስቃል፤ በንባብ የተሳሳተ ልጅ ግን ወላጁ አሥር ወር ሙሉ የከፈለውን ያስታውሰዋል።

እስከዚያው ወላጅ በእጁ ያለውን ያድርግ። ዘንድሮ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ሲሰበሰብ ስለ ኬኩ ከለር ከመከራከር በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። የሰኔው መዋጮ ደረሰኝ አለው ወይ? ያልከፈለ ልጅ በዕለቱ የት ይቀመጣል? መምህራኑ በሐምሌ ይከፈላቸዋል ወይ?