እንጅባራን ቦስተን ያደረገው ማን ነው?

ሰሞኑን እንጅባራ ላይ የሚሠራ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የሬቪት ፋይል ከፈትኩ። የቦታው ቅንብር «ቦስተን» ይላል። ማንም አልጻፈውም፤ ሶፍትዌሩ ይዞት የመጣ ዲፎልት ነው። ሳይነካ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት አልፏል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» ያሉኝ የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። ልንገራቸው።

ቦስተን ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዊ ላይ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ያ ፋይል የግንቦትን ፀሐይ ጭራሽ አያውቃትም።

የባሰው አየሩ ነው። የዱክት ስሌቱ የሚነሳው ከባሕር ጠለል አየር ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ፓምፕም ያው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ቢበዛ ከ10 ሜትር ጥልቀት የሚስበው እዚህ ከ7.5 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ያውም በወረቀት ላይ፣ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ጄኔሬተሩ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል አይሰጥም። የብዙ ብሬከሮች መደበኛ የከፍታ ወሰን 2,000 ሜትር ነው፤ ዳንግላም ከዚያ በላይ ናት። የአሜሪካው ቴምፕሌት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ይዞ ሲመጣ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መሆኑንማ ኤሌክትሪሻኑ ሁሉ ያውቀዋል።

«ኢንጂነሩ ያየዋል» ይባላል። አያየውም! ተሳስቶ የጻፈ ሰው ይጠየቃል። ማንም ያልጻፈውን ቁጥር ግን ማን ይጠየቅበታል?

አዊ ፈረስ የሚያውቅ አገር ነው፤ ለሌላ ፈረስ የተሠራ ኮርቻ በፈረሱ ላይ የሚጭን የለም። ለሕንፃ ሲሆን ግን ዝም።

ደንብ የለም እንዳይባል፣ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ አየር ዝውውር የሚደነግጉት ኢቢሲኤስ 9፣ 10 እና 11 ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ። ደንቡ ግን በራሱ ተራምዶ ቴምፕሌት ውስጥ አይገባም። የሚያስገባው ሰው ነው፤ ሥራውም ቢበዛ የአንድ ከሰዓት ነው። (በክራክ ስለምንሠራው ነገር ሌላ ቀን እናወራለን።)

አማካሪ ድርጅቶች ሆይ፣ ለእንጅባራ አንድ፣ ለዳንግላ አንድ ቴምፕሌት አዘጋጁና በነፃ አጋሩ። ፈቃድ ሰጪዎችም የመጀመሪያው ሉህ ላይ ከፍታው፣ ቮልቴጁና የቦታው ስም ካልተጻፈ ፕላኑን መልሱት። ቦስተን የሚል ከመጣማ፣ ፈቃዱን እዚያው ሄዶ ይጠይቅ።