ክሬዲት ካርድና የስልክ ብድር፦ በማን ሚዛን ይመዘኑ?

በአሜሪካና በአውሮፓ ክሬዲት ካርድ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ካርዶችን እያወዳደሩ ደረጃ የሚሰጡ ድረ ገጾችን ነው። መመዘኛቸው የታወቀ ነው፦ ዓመታዊ ወለድ፣ ዓመታዊ ክፍያ፣ የመዘግየት ቅጣትና ካርዱ የሚያስገኘው ሽልማት። ብዙዎቹ ግን አንባቢው በእነሱ በኩል ካርድ ሲያወጣ ከባንኩ ኮሚሽን ያገኛሉ። መዛኙ ከሻጩ የሚከፈለው ከሆነ ሚዛኑም መፈተሽ አለበት።

ይህ ንፋስ መውጫ ላለ ነጋዴ ምኑ ነው? የአገራችን ባንኮች የሚሰጡት ካርድ በአብዛኛው ከራስ ሂሳብ ማውጫ ነው። የክሬዲት ካርዱን ሥራ የያዘው ስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ በ2014 መጨረሻ ከዳሽን ባንክ ጋር “መላ” እና “እንደኪሴ” የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን አመጣ። እንደኪሴ ሂሳብ ሲጎድል የጎደለውን ስለሚሞላ ለክሬዲት ካርድ በጣም ይቀርባል። ንብረት ማስያዝ አያስፈልግም፤ ጣሪያውን የሚወስነው የደንበኛው አጠቃቀምና የመክፈል ልማዱ ነው። በገበያ ቀን ለሸቀጥ ጥቂት ሺህ ብር የጎደለው ሰው ቢሮ ሳይረግጥ ያገኛል። ቅለቱ እውነተኛ ጥቅም ነው። ጥያቄው ዋጋውና ሑክሙ ነው።

ከዋጋው እንጀምር። ለምሳሌ 1,000 ብር ለ30 ቀን ተበድሮ 50 ብር “የአገልግሎት ክፍያ” የሚከፍል ሰው 5 በመቶ ብቻ የከፈለ ይመስለዋል። ይህንኑ በየወሩ ቢደጋግመው ግን በዓመት 600 ብር ይከፍላል፤ ይህ ከብድሩ 60 በመቶ ነው። ብድሮችን ማነጻጸር የሚቻለው ክፍያው ሁሉ ተደምሮ በአንድ የጊዜ መለኪያ ሲሰላ ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያም አበዳሪው ዋጋውንና የውሉን ቃል አስቀድሞ በግልጽ እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ መጠየቅ መብታችን ነው።

ለሙስሊም ግን ርካሹ ብድር ሁሉ ጥሩ ብድር አይደለም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 ሪያድ ላይ ባካሄደው 12ኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 108፣ የወለድ ጭማሪ በውሉ የተቀመጠበትን ክሬዲት ካርድ ማውጣትም ሆነ መጠቀም እንደማይፈቀድ ወስኗል፤ ደንበኛው ወለድ ሳይመጣ በጊዜው ለመክፈል ቢያስብም እንኳ። በአንጻሩ ለተሰጠ እውነተኛ አገልግሎት የሚከፈል ቁርጥ ክፍያን ፈቅዷል። ጥሬ ገንዘብ ሲወጣም ክፍያው ከገንዘቡ መጠንና ከጊዜው ጋር እስካልተያያዘ ድረስ ችግር የለበትም ብሏል።

ከዚህ ውሳኔ ለማንኛውም የስልክ ብድር የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች እናገኛለን። አንደኛ፣ ብድሩ ሲጨምር ክፍያው አብሮ ይጨምራል? ሁለተኛ፣ ቀኑ ሲረዝም ይጨምራል? ሦስተኛ፣ ሲዘገይ የሚጣለው ቅጣት ለአበዳሪው ገቢ ይሆናል? መልሱ “አዎ” ከሆነ፣ “ወለድ” የሚለው ቃል በውሉ ስለሌለ ብቻ ልባችን ሊረጋ አይገባም። በፊቅህ በውል ውስጥ የሚታየው ትርጉሙ እንጂ ስሙ አይደለም። ሱረቱል በቀራህም መክፈል ለተቸገረ ሰው እስኪቀናው ጊዜ መስጠትን እንጂ ጭማሪን አያስተምርም።

አማራጭ የለም ማለት አይቻልም። ዘምዘም ባንክ በሰኔ 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሂጅራና ራሚስ ተከትለዋል፤ መደበኛ ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ በታወቀ ትርፍ ለደንበኛው ይሸጥለታል፤ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በመዘግየት አይጨምርም። ችግሩ ፍጥነቱና ተደራሽነቱ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ነጋዴ የሚፈልገው ጥቂት ሺህ ብር ዛሬ ነው። ሐላሉ በሰነድና በቀጠሮ፣ አጠራጣሪው በአንድ ንክኪ ከሆነ ብዙ ሰው ወደ ቀላሉ መሄዱ አይቀርም። ሰውን መገሠጽ ብቻውን ይህንን አይለውጥም።

ስለዚህ ሁለት ሥራ ይጠበቃል። ከወለድ ነፃ ባንኮች አነስተኛ ፋይናንስን በስልክ ያቅርቡ። የባንኮቹ የሸሪዓ አማካሪዎችና ዑለማዎቻችን ደግሞ በገበያ ላይ ያሉትን የስልክ ብድሮች ውል አንብበው፣ ከአበዳሪው ኮሚሽን ሳይቀበሉ፣ የእያንዳንዱን ክፍያና ሑክም በአማርኛ በአንድ ሰንጠረዥ ያውጡልን። እስከዚያው “እስማማለሁ” የሚለውን ከመጫናችን በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ። ወላሁ አዕለም።