ቅድሚያ ክፍያው የማን ዕዳ ነው?

የዓለም ከተማ ነዋሪዎች ሆይ!

መንግሥት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ያለ ካሣ ወረሰ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ያንኑ መሬት ለጨረታ አቅርቦ ከዋጋው ከመቶ 10 የማያንስ በቅድሚያ ክፈሉ አለን። ዐሥር ከመቶ ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚተርፈው አስተማሪውን ይጠይቅ። ሲሚንቶው የጀማን ገደል ወርዶ ወጥቶ እስኪደርስ የሚጨምረውን ዋጋ ገና አላነሣንም!

በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ተብሎ የተመዘገበው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። ሐሳቡን አንነቅፍም፤ ድሀው የዐቅሙን ይቆጥብ፣ ቀሪውን ባንክ ያበድረው ማለት ተገቢ ነው። የምንነቅፈው አፈጻጸሙን ነው። ቆጣቢው ወደ ንግድ ባንክ ሲመላለስ ዓመታት ነጎዱ፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣም ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ። የመርሐቤቴ ሰው በዚያ ወረፋ ላይ እንኳ ስሙ አልነበረም።

ስለዚህ ብንመረጥ፣ ቤት የሌለው ነዋሪ ከባለሀብት ጋር በጨረታ ሳይጋፋ በሊዝ መነሻ ዋጋ ቦታ በምደባ እንዲያገኝ እናደርጋለን። የቅድሚያ ክፍያውን ግማሽ መንግሥት ይሸፍናል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉን፣ ከራሱ ከሊዝ ገቢ ነው። ከከተማው መሬት የተሰበሰበ ብር ለከተማው ሰው ቤት ቢውል ምን ነውር አለው? ድጋፉ በሰው እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለማዘጋጃ ቤቱ ይገባል፤ ቤቱን በ5 ዓመት ውስጥ የሸጠም ይመልሳል። የተመዝጋቢዎች ስምና ተራ በአደባባይ ይለጠፋል። የየትኛው ፓርቲ አባል ነህ ብሎ የሚጠይቅ የቀበሌ ሹም ከቦታው ይነሣል።