ካርዱ 85፣ ፈተናው 31

የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ምሽት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጁ የመፈተኛ ቁጥሩን ቴሌግራም ቦቱ ላይ ደጋግሞ ይጽፋል። ኔትወርኩ ይጨናነቃል። እናት ጓዳ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ቁጥሩ ይመጣል፦ ከ600 ነጥብ 186። በመቶኛ 31 ማለት ነው። እናት ግን የምታውቀው ሌላ ቁጥር ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ በላስቲክ ጠቅልላ ያስቀመጠችው የትምህርት ቤት ካርድ አማካይ 85፣ ደረጃ 4ኛ ይላል።

«ታዲያ የቱ ነው የዋሸኝ?»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚያሳዝነው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ከሆነ ይኸው ዓመታት ተቆጠሩ፤ ቁጭ ብሎ መልሱን ያስረዳት ሰው ግን የለም። ርእሰ መምህሩም፣ ወረዳውም፣ ሚኒስቴሩም አላስረዷትም። መግለጫ ተሰጥቷል፤ መግለጫ ግን ለጋዜጠኛ ነው የሚሰጠው።

ከ2014 ዓ.ም. ፈተና በፊት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ነጥብ በየዓመቱ የሚቆረጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ስንት ተማሪ መቀበል እንደሚችሉ ይታያል፤ ከላይ ጀምሮ ይቆጠራል፤ ቦታው የሞላበት ላይ መስመር ይሰመራል። መስመሩ ለወንድና ለሴት፣ ለታዳጊ ክልልና ለሌላው ይለያይ ነበር። ከግማሽ በታች ያመጣ ተማሪም ይገባ ነበር። ያ አሠራር የሚናገረው ማን ከማን እንደሚበልጥ ብቻ ነው። የበለጠው ልጅ ምን ያህል እንደሚያውቅ አይናገርም። በዚያ ላይ ኩረጃው ነበር። በ2008 የእንግሊዝኛ ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ብዙ ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የፈተና ስርቆት ወሬ ጠፍቶ አያውቅም።

በጥቅምት 2015 ተማሪዎቹ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተፈተኑ። የማለፊያው ነጥብም 50 በመቶ ሆነ። ጥር ላይ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤቱን ሲያሳውቁ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ሆኑ። በማግስቱ ብዙ ወላጅ የተረዳው «ዘንድሮ ልጆቹን ጣሏቸው» ብሎ ነው።

ነገሩን የጤፍ ነጋዴዋ ሚዛን ይገልጠዋል። ሚዛኑ ለዓመታት ሁለት መቶ ግራም ሲያጭበረብር ኖሮ አንድ ቀን ቢስተካከል፣ ቤት የሚገባው ጤፍ ከትናንቱ አላነሰም። ትናንትም ያው ነበር። የተለወጠው የሚነበበው ቁጥር ነው። በ2014 የተፈተነው ልጅ ከታላቅ ወንድሙ በድንገት የደነቆረ አይደለም። ወንድሙም ምናልባት 31 ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሚለካው በሌላ መስመር ነበር።

እንግዲህ ወደ ካርዱ። «4ኛ» የሚለው ደረጃ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ልጆች አንጻር የቆመበትን ቦታ ነው የሚያሳየው። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሁሉም በሒሳብ ደካማ ከሆነ፣ ከደካሞቹ 4ኛ መሆን ይቻላል። 85ቱስ? እሱ በአብዛኛው የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ የደብተር፣ የቡድን ሥራና መምህሩ ራሱ ያወጣው ፈተና ድምር ነው። የቡድን ሥራ አንድ ልጅ ሠርቶ አምስቱ የሚፈርሙበት መሆኑን ያልተማረ ወላጅ እንኳ ያውቃል። መምህሩም በነጻነት አይደለም ነጥብ የሚሰጠው። ብዙ ልጅ ከጣለ «ለምን አላበቃሃቸውም» ይባላል፤ ካሳለፈ የሚጠይቀው የለም። እዚህ ላይ ወላጅም እጁ አለበት። 58 የያዘ ካርድ ሲመጣ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ የሚጣላ አባት፣ 85 ሲመጣ ደብተሩን ገልጦ አያይም።

ስለዚህ ለእናትየዋ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ካርዱ ባይዋሽም የጠየቀችውን አልመለሰላትም። እሷ «ልጄ ያውቃል ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ ካርዱ «ከጓደኞቹ አያንስም» አላት።

ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ ላይ ምንም ሳያነብ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ተማሪ በአማካይ 25 በመቶ አካባቢ ያገኛል። በ2016 የተፈታኞቹ አገር አቀፍ አማካይ ውጤት 30 በመቶ እንኳ አልሞላም። ይህን ያየ ሰው የ50ን መስመር ወደ 45 ወይም ወደ 40 ማውረድ ምን እንደሚፈውስ ቢያስረዳ ጥሩ ነበር።

የባሰው ግን የጊዜው ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና አለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። ማለትም ልጁ 8ኛን ካለፈ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ከገዛ ትምህርት ቤቱ ውጭ ማንም አይለካውም። ያ አራት ዓመት ለእናትየዋ የ85 ዓመታት ናቸው። አሥረኛ ክፍል ላይ ሒሳብ እንዳልገባው ብታውቅ ኖሮ ቢያንስ ሁለት ክረምት ነበራት። አስጠኚ የመቅጠር አቅም ባይኖራት እንኳ ልጁ ቴሌግራም ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ ትቆጣጠር ነበር። አሁን የምታውቀው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጣጣ አይደለም። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ፈተናውን ሲያከብድ በእንግሊዝኛ ብቁ የተባሉት በአንድ ዓመት ከ55 በመቶ ወደ 31 በመቶ ወረዱ። ባለሥልጣናቱ «ልጆቹ አልደከሙም፣ መለኪያው ነው የተለወጠው» ብለው ለማስረዳት ከወላጆች ጋር ስብሰባ ጠሩ። የመጀመሪያው ስብሰባ በጩኸት ተበተነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ከአምስት ልጆች አንዱ ገደማ ፈተናው ላይ ሳይቀመጥ ቀረ። እነሱ ቢያንስ ሞክረዋል። እዚህ ያ ሙከራም አልታየም።

«መለኪያው እኩል ነው፣ ትምህርት ቤቱ ግን እኩል አይደለም» የሚለው ቅሬታ ባዶ አይደለም። ራሱ ትምህርት ሚኒስቴር ከአሥር ትምህርት ቤቶች ከስምንት በላይ የሚሆኑት ከደረጃ በታች መሆናቸውን ተናግሯል። ቤተ ሙከራ በሌለበት ኬሚስትሪ የተማረና አዳሪ ትምህርት ቤት የተማረ አንድ ወረቀት ላይ ይቀመጣሉ። በጦርነት ትምህርት ስለተቋረጠባቸው አካባቢዎች ልጆች ደግሞ ባይነሳ ይሻላል። ነገር ግን ቅሬታው የሚነሳው ትምህርት ቤቱ ላይ ነው እንጂ መለኪያው ላይ አይደለም። መለኪያው ከተሸፈነ ትምህርት ቤቱን የሚጠይቀው ሰው ማስረጃ አይኖረውም። የድሮው መስመር ለድሃ ልጅ ያዘነ ይመስል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስገባዋል፤ አንደኛ ዓመት ላይ ይወድቃል፤ ወይም ዲግሪ ይዞ ሥራ ሲጠየቅ አንድ ማመልከቻ መጻፍ ያቅተዋል። ከሰፈሩ ብዙ የማይርቀውን የቂሊንጦውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አጥር በየቀኑ እያየ የሚያድግ የቱሉ ዲምቱ ልጅ፣ ለዚያ በር የሚያበቃ ሒሳብ እንጂ የሚያዝንለት ነጥብ አይበቃውም።

50 ያላመጣ ልጅ ሁሉ መንገዱ አልተዘጋበትም፤ ይህም በቅጡ አልተነገረም። በየዓመቱ በሚወሰነው ነጥብ መሠረት የሬሜዲያል ትምህርት የሚገቡ አሉ። በግል ተፈታኝነት መድገም አለ፤ ቴክኒክና ሙያ አለ። ውጤት በወጣ ማግስት «ዶክመንት እናሠራለን» የሚሉ ደላሎች ስልክ የሚደውሉት ወላጁ ይህን ስለማያውቅ ነው።

ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ተነሥቷል፦ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። መልካም ነው፤ ሲነበብ ግን በጥንቃቄ ነው። የተፈታኙ ብዛት ወደ 585 ሺህ ወርዷል። ያለፉት በቁጥር ከ29,909 ወደ 48,929 ጨመሩ፤ ይህ አንድ ተኩል እጥፍ ከፍ ይላል። በመቶኛው ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ይታያል። ከመጨመሩ ከፊሉ የእውነት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ብዙ ልጆች 12ኛ ክፍል ፈተና ድረስ ባለመድረሳቸው የመጣ ነው። የቀሩት የት ገቡ የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ለወላጅ አገር አቀፉ መቶኛ ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የራሱ ልጅ ትምህርት ቤት ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ካርዱ ላይ፣ ከደረጃው ሥር፣ በአንድ መስመር ቢጻፍ ምን ያስወጣል? «አምና ከዚህ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ተፈትነው ይህን ያህል አለፉ፤ የሒሳብ አማካይ ይህ ነው።» ወረቀቱም ቀለሙም ያው ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን በዓመት አንድ ጊዜ በሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ፈተና መለካትም ክፍለ ከተማው ሊሠራው የሚችል ነገር ነው።

እስከዚያው ድረስ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ አለ። በልማድ የሚጠራው ለአጥር፣ ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለወንበር ጥገና መዋጮ ነው። ወላጅ ይመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ይፈርማል፣ ታክሲ እንዳያልቅበት ቶሎ ይወጣል። በሚቀጥለው ጥቅምት እጅ አውጥቶ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ አምና 12ኛ ክፍል ስንት ተፈተኑ፣ ስንት 50 አመጡ፣ ያላመጡት በየትኛው ትምህርት ነው የወደቁት? ርእሰ መምህሩ ቁጥሩን ከየትም አያመጣውም፤ የተፈታኞቹ ውጤት ዝርዝር ቢሮው ውስጥ አለ። መዋጮው ከዚያ በኋላ ይፈረም።